ሚስተር ግሪንዲጅን ያስቆመው ድምፅ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ የተወጋሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የወጋኝ ሰው ደግሞ ዛሬ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። እሱ ረስቶታል። በየማለዳው ፈገግ ብሎ ሰላም ሲለኝ መርሳቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ያኔ ሚስተር ግሪንዲጅ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ወጣት መምህር ነበር። እዚህ ሳንግሬ ግራንዴ በምትባለው ከተማችን ውስጥ በአንድ ድምፅ ግጥም የሚያሰማ የተማሪዎች ቡድን ያቋቋመው እሱ ነው፤ የቢሮው ግድግዳ እስከ ዛሬ ድረስ በዋንጫ ተሞልቷል። ለውድድር ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ፖርት ኦፍ ስፔን፣ ልንሄድ ስንል ከሰልፉ ነጥሎ ጠራኝና፣ "አንቺ ግጥሙን ታበላሺብኛለሽ። አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" አለኝ። አንቀሳቀስኩ። መድረክ ላይ ቆሜ እንደ ዓሣ አፌን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። እናቴ ከምትሠራበት ቤት አስፈቅዳ ልትሰማኝ መጥታ ነበር። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "ያንቺን ድምፅ ከሁሉም ለይቼ ሰማሁት" አለችኝ። እውነቱን ሳልነግራት ሞተች። ይህን ሰውዬ ለሌላው ሁሉ ይቅር ልለው እችል ይሆናል፤ ለዚያች ለአውቶቡሷ ግን አልልም።

ዘንድሮ ደግሞ ዛሊማ መጣችበት። ዛሊማ የኔ ክፍል ተማሪ ናት። ጎህ ሳይቀድ ከእናቷ ጋር መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆማ በቂጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሽምብራ፣ ደብልስ የምንለውን፣ ትሸጣለች። ለታክሲና ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ስትጣራ ድምጿ ሻክሮ ቀርቷል። ቡድኑ ውስጥ ልግባ ብላ ልትፈተን ሄደች። ገና ሁለት ስንኝ እንዳለች ሚስተር ግሪንዲጅ ጆሮውን ያዘ።

"ይህን ቁራ ማነው የላከብኝ?" አለ። ልጆቹ ሳቁ። "የኔ ልጅ፣ አንቺ ቂጣሽን ሽጪ። ግጥም ለሰው ድምፅ ነው የተጻፈው።"

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አንብቢ ብላት አልነሳም አለች።

"ምን ሆነሻል ዛሊማ?"

"ቁራ አያነብም፣ ሚስ።"

ደሜ ፈላ። ይቺ ልጅ በክፍሌ ውስጥ ከሁሉ በላይ እጇን የምታወጣ ነበረች። አሁን ዝም ካለች ዕድሜዋን ሙሉ ዝም እንደምትል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከክፍል በኋላ አስቀረኋትና፣ "ለካርኒቫል ወንበዴ ትሆኛለሽ?" አልኳት።

በካርኒቫል፣ ሰው ሁሉ ሌላ መስሎ በሚለብስበት የመንገድ በዓላችን፣ ወንበዴ የሆነውን ማንም ገፍቶት አያልፍም። ያን ጃንጥላ የሚያህል ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ፊሽካውን ነፍቶ "ቁም!" ካለህ ትቆማለህ። ፉከራውን እስከ መጨረሻው ሰምተህ፣ ቤዛህን ከፍለህ ነው የምትለቀቀው። ቄስ ሁን ሚኒስትር፣ ለውጥ የለውም።

"ሴት ወንበዴ አለ እንዴ?" አለችኝ።

"ዘንድሮ ይኖራል።"

"ማንን ነው የማስቆመው?"

ዓይኔን ወደ ሚስተር ግሪንዲጅ ቢሮ መለስኩ። ቀስ እያለ ገባትና አፏን በሁለት እጇ ከደነች። "ውይ ሚስ! ይገሉናል እኮ!"

"ይሞክሯታ!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ሲያልቅ ባዶ ክፍል ውስጥ እንቀር ነበር። መጀመሪያ ያስጣልኳት ጩኸቱን ነው። ወለሉ ላይ በጀርባዋ አስተኝቼ ሆዷ ላይ ከባዱን አትላስ አስቀመጥኩና፣ "በትንፋሽሽ አንሺው" አልኳት። ደረቷን ስትነፋ አትላሱ ንቅንቅ አይልም፤ ሆዷ ሲሞላ ይነሳል። አንገቷ ላይ እጄን አድርጌ ጅማቷ በተገተረ ቁጥር አስቆማታለሁ። "ጉሮሮ በር ነው፣ ዛሊማ። በር ይከፈታል እንጂ አይታገልም።" አፏን ዘግታ ከንፈሯ እስኪኮረኩራት አስዘመርኳት። የቃላቱን መጨረሻ የመዋጥ ልማድ ነበራት፤ እያንዳንዱን እስከ ጫፉ አስጨረስኳት። ክፍሉ ሲጠብባት ወደ ሜዳው ወጣን፤ እኔ ከወዲያኛው ጎል ሥር ቆሜ፣ ሳትጮህ ድምጿ እንዲደርሰኝ።

"ሻካራነቱ ግን አልለቀቀኝም" አለችኝ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ።

"ማን ልቀቅ አለው? የጎደለሽ አየር ነበር። ሻካራው ያንቺ ነው፤ ወንበዴ ደግሞ እንደ ሙሽራ አይናገርም።"

ዝም ማለትንም አስተማርኳት። አንድ ነገር ትናገርና ትቆማለች፤ ሰው የሚፈራው እዚያች ላይ ነው።

ፉከራውን አብረን ጻፍነው። የመጨረሻውን ብቻ ለብቻዬ ጻፍኩት፤ ቤዛው ገንዘብ ሳይሆን በሕዝብ ፊት የሚነገር "ይቅርታ" እንዲሆን። ያን መስመር የጻፍኩት ለራሴ ነው፤ አላፍርበትም።

የካርኒቫሉ ዓርብ ደረሰ። ግቢው ዲያብሎስ በሆኑ፣ የሌሊት ወፍ በሆኑ፣ ንግሥት በሆኑ ልጆች ተሞላ፤ ወላጆች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ሚስተር ግሪንዲጅ ነጭ ሱፉን ለብሶ፣ ነጭ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከትምህርት ሚኒስቴር የመጡ እንግዶችን እየመራ መሐል ሲደርስ ፊሽካው ተነፋ።

"ቁም!"

ቃሉ ግቢውን አቋርጦ ግድግዳውን መታ። ከበሮው ሁሉ ዝም አለ። ዛሊማ ጥቁር ካባዋን እየጎተተች ወጣች።

"እናቴ ስትወልደኝ ወንዙ ሽቅብ ፈሰሰ፣
ሰማዩ ደንግጦ ደመና ለበሰ!
ንጉሥ አስቁሜ ዘውዱን ወስጃለሁ፣
ዳኛ አስቁሜ ብይኑን ሰርቄያለሁ!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሚስተር ግሪንዲጅ ለእንግዶቹ ፈገግ እያለ ኪሱን ዳበሰ፤ ልጅቷን ገና አላወቃትም።

"እጅህን መልስ!" አለችው። ዝም አለች። ዝም ስትል እሱም እጁን መለሰ።

"አንተ ነህ የልጆችን ጉሮሮ የቆለፍክ፣
በተዘጋ አፋቸው ዋንጫ የሰበሰብክ!
አፍሽን አንቀሳቅሺ፣ ድምፅሽን ዋጪ ያልክ!
ቁራ ነሽ ያልከኝ ነኝ፤ ስማኝ፣ እዚሁ እንዳለህ!"

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ረገፈ። ከአጥሩ በኩል አንድ የታክሲ ሹፌር፣ "እኔንም! እኔንም አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ ብሎኛል!" ብሎ ጮኸ። የሁለት ልጆች እናት የሆነች ሴት፣ "እኔንም!" አለች። ከወዲያ ሌላ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት በር ደግሞ ሌላ። እኔ ብቸኛዋ ነኝ ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ቂሜን ለብቻዬ ሳስታምም ኖሬያለሁ፤ ለካ የግራንዴ ግማሹ ድምፁን እዚያ ቢሮ አስቀምጦ ነው የወጣው! እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የዛሊማ እናት የሽምብራ ማሰሮዋን ጥላ አጥሩን ጨብጣ ታለቅስ ነበር።

"እሰይ!" አልኩ ሰው መስማቱን ሳልፈራ። "እሰይ፣ አስተምሪው!"

አሁን የቀረው ቤዛው ነው። ሚስተር ግሪንዲጅ ባርኔጣውን አወለቀ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። መውጫው አንድ ብቻ እንደሆነ ሳትነግረው ገባው፤ ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ወደ ዛሊማ ጎንበስ ብሎ፣ "የኔ ልጅ፣ ይቅ..." ብሎ ጀመረ።

ትንፋሼን ያዝኩ።

ዛሊማ መዳፏን አነሳች። እሱም ቆመ። ረጅም ዝምታ ሆነ፤ እኔ ካስተማርኳት የሚረዝም።

"ተወው" አለች ድምጿን ሳታነሳ፤ ጎሉ ድረስ ግን ተሰማ። "ካንተ ላይ የሚዘረፍ ነገር አጣሁ። ሂድ።"

ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ለማኝን አስቁሞ አንዲት ቁልፍ ከኮቱ ቆርጦ የሚለቅ ወንበዴ አይተናል፤ ምንም ሳይወስድ የሚለቅ ወንበዴ ግን በግራንዴ ታይቶ አያውቅም። ዛሊማ ካባዋን አዙራ ሄደች።

ሮጬ ክፍል ውስጥ ደረስኩባት። "ይቅርታዋን ሊላት እኮ ነበር! አፉ ላይ ደርሳ! ለምን አስቆምሽው?"

ባርኔጣዋን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ላቧን ጠረገች።

"ሚስ፣ ብሏት ቢሆን ኖሮ እኮ ከፍሎ ያልፍ ነበር።"

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ከበሮው እንደገና ጀምሯል፣ ልጆቹ እየጨፈሩ በግራና በቀኙ ያልፋሉ። እሱ ግን ባርኔጣውን እንደያዘ እዚያው መሐል ቆሟል፤ የጀመራትን ቃል የሚቀበለው ሰው ይፈልግ ይመስል ዙሪያውን ያያል። ዓይኑ መስኮቱ ጋ ደርሶ ከዓይኔ ጋር ተገናኘ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መጋረጃውን ሳብኩትና የዛሊማን ካባ ላወልቅላት ዞርኩ።