ጉዳይ ያለው ስልክ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩ አልነሳም ሲላት አራሚዋ ደስ አላት። ሌላ ሰው የሥራ ዕቃው ሲበላሽበት ይራገማል፤ እሷ ግን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ጥቁሩን ስክሪን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ "ተመስገን" አለች። ይኼ የጤነኛ ሰው ደስታ እንዳልሆነ እሷም አላጣችውም።

ደስ ያላት ብልሽቱ የእውነት ስለሆነ ነው። በገዛ እጇ ያልሠራችው ብልሽት ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ከአባቷ መጀመር ግድ ነው። አባትየው የስልክ ማዞሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አንዱ በወሬ መስመር ይዞ ሌላው አስቸኳይ ነገር አንቆት ውጭ ሲንቆራጠጥ እያዩ ስለኖሩ፣ ለቤታቸው ስልክ የገባ ዕለት ሕግ አወጡ፦ ስልክ ለጉዳይ ነው። የደወለ ጉዳዩን ይናገራል፤ ሲጨርስ "ሌላ ጉዳይ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ከሌለው ይዘጋል። እንዴት ሰነበትክ ጉዳይ አይደለም። ናፍቆትማ ከነጭራሹ አይነሳም። ሁለቱ ልጆች በዚህ ሕግ እየሳቁ አደጉ፤ እየሳቁም ወረሱት። አባትየው ካረፉ ሃያ ዓመት ቢያልፍም አንዳቸውም ያለ ጉዳይ ለሌላው ደውለው አያውቁም።

አራሚዋ ታናሺቱ ናት። ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ማዕከል ውስጥ ሰርቨሮች ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ በሌላ ከተማ ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የጫነላት እሱ ነው። "ይኼ አይበላሽብሽም" ብሏት ነበር። እውነቱን ነው፤ ከአንድ ጊዜ በቀር አልተበላሸም። ስለዚህ እሷ ማበላሸት ጀመረች።

አንዴ የማተሚያውን ፕሮግራም ነቅላ ጣለች። አንዴ የይለፍ ቃሏን ዐይኗን በጨው አጥባ "ረሳሁት" አለች። ጋሼ አንዳንዴ በኢንተርኔት ከርቀት ማሽኑ ውስጥ ገብቶ፣ አንዳንዴ በስልክ እየመራ ያስተካክልላታል፤ ሃያ ደቂቃ፣ ሲቀናት አርባ። የሚላትን ሁሉ በሰማያዊ ደብተር በተራ ቁጥር ትጽፋለች። ደብተሩ ሊሞላ ሲል ኮምፒውተሩን ፈታ የምትገጥም ሴት ሆና ቁጭ አለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የምትነግረውም ሰው አልነበራትም።

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ባል ነበራት፣ ሄደ፣ ይኼ ታሪክ ስለሱ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ የሰው መጽሐፍ በኢሜይል ይልክላታል፤ እሷ ግድፈቱን ለቅማ በኢሜይል ትመልሳለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰው ጋር ሳትነጋገር ከርማ፣ ሳሙና ልትገዛ ወርዳ አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ሻክሮ ይወጣል። ባለሱቁ ጉንፋን ይመስለዋል።

ወደ ቅዳሜው እንመለስ። ትናንት ከሰዓት ሥራዋን ጨርሳ ስትነሳ "አዲስ ከርነል መጥቷል፣ ይጫን?" የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከርነል ማለት ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ ነቅቶ ሌላውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው የሊኑክስ ልብ ነው። ይጫን አለች። ዛሬ ጠዋት ስታበራው ነጫጭ ፊደላት ስክሪኑ ላይ ተንጋግተው ወርደው "ከርነል ፓኒክ" የሚል መስመር ላይ ቀጥ አሉ። ልቡ ደንግጧል ማለት ነው።

ደብተሯን ገለጠች። ገጽ አርባ አንድ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ልክ ይኸው ብልሽት፦

"አንድ፦ አትደንግጪ። አሮጌው አለ።
ሁለት፦ አጥፍተሽ አብሪ፤ የፋብሪካው ምልክት ሲመጣ የሺፍትን ቁልፍ ይዘሽ ቆዪ።
ሦስት፦ ዝርዝር ሲመጣ ሁለተኛውን መስመር ክፈቺ።
አራት፦ ከላይ ያለው አዲሱ ነው፣ እለፊው። ከሥሩ ያለውን አሮጌውን ከርነል ምረጪ።
አምስት፦ ሲነሳልሽ የማስነሻውን ክፍል እዪ፤ ሞልቶ ነው አዲሱ በግማሽ ተጽፎ የቀረው። በጣም የቆዩትን አጥፊና አዲሱን እንደገና ጫኚ።"

የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ደብተሩን ዘጋች፤ ገጹ ሲገለጥ በስልክ እንዳይሰማ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ደወለች።

ሌላ ጊዜ በሁለተኛው ጥሪ አንስቶ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "ምን ሰበርሽ?" ይላል። ዛሬ ስልኩ ብዙ ጠራ።

"ማን ልበል?" አለ።

እሷ መሆኗን ስትነግረው ሳቀና "ምን ሰበርሽ?" አለ፤ ልቧ መለስ አለ። አዲስ ከርነል ጭና ማሽኑ ፓኒክ ብሎ እንደቆመ ነገረችው። እንዲህ ያለውን ነገር ጀምራ ሳትጨርስ ከአፏ የሚነጥቃት ሰው ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ ሶኬቱ መሰካቱን ጠየቃት። ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ እንዳለ ደግማ ስትነግረው ደግሞ ምን እንደጫነች ጠየቃት።

"ከርነል" አለችው።

"ከርነል" አለ። "ከርነል..." መንገድ ላይ ያገኘው ወዳጅ ስም እንደጠፋበት ሰው ቃሉን ደጋገመው።

የዛሬ ሰባት ሳምንት ሲያወሩ ቀኑን ሦስት ጊዜ ጠይቋት ነበር፤ የሚያሾፍባት መስሏት ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ልጁ "አክስቴ፣ ሲመችሽ ብትደውዪልን ጥሩ ነው" የሚል መልእክት ልካላት ነበር። መልእክቱ ጉዳዩን አይናገርም። አራሚዋም ጉዳይ እስክታገኝ፣ አንድ ነገር እስክትሰብር ድረስ፣ አሳደረችው። ብትደውል ኖሮ ያኔ ትሰማው ነበር። አሁን ነገሩ ሲገባት በራሷ አፈረች፤ እንባዋም መጣ።

ከእንባው ይልቅ ግን ፍርሃቱ ባሰባት። ጋሼ የዚህን መልስ ካጣው ያፍራል። ካፈረ ሁለተኛ ስልክ አያነሳላትም፤ ኩሩ ሰው ነው፣ ታውቀዋለች። እሷም በዚህ ምድር ላይ "ምን ሰበርሽ?" የሚላት ሌላ ሰው የላትም።

መሳቢያውን ቀስ ብላ ሳበች።

"ጋሼ፣ ያኔ እኮ አትደንግጪ ብለኸኝ ነበር።"

"አዎ። አትደንግጪ።"

"አሮጌው አለ ብለኸኝ ነበር።"

ከወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማታል።

"አሮጌው አለ" አለ ጋሼ። "አሮጌው አይጠፋም፤ እንዳይጠፋ አድርጌልሻለሁ። ቆይ... አጥፍተሽ አብሪው። ሺፍቷን ያዢ!"

ድምፁ የድሮው ድምፅ ሆነ። ዝርዝሩ መጣ ወይ፣ ሁለተኛው መስመር፣ የላይኛውን እንዳትነኪ፣ ከሥሩ ያለውን፣ እያለ አጣደፋት። እሷም እንደማታውቅ ሆና አንዱን ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ በደንብ ያውቀው ነበርና ደስ ብሎት ደገመው። አሮጌው ከርነል ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሳ። ትናንት ስታርመው የነበረው መጽሐፍ ሳይቀር በቦታው ነበር።

አምስተኛው ጠፋው። እሷ አልጠበቀችውም፤ "እንዳልከው የቆዩትን እያጠፋሁ ነው፣ እንዳልከው አዲሱን መልሼ እየጫንኩ ነው" እያለች ብቻዋን ሠራችው። "ጎሽ" አላት። አጥፍታ ስታበራው በአዲሱ ከርነል ተነሳ። ጋሼ ቀላል ነገር መሆኑን ነገራት፤ ሁሌም ሲጨርስ የሚለው ነው። እሷ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች።

"የዛሬው የእውነት ነበር አይደል?" አላት ድንገት።

"ምኑ?"

"ብልሽቱ። ማሽኑ ያዘዝሽውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ገብቼ አነበው ነበር። የማተሚያውን ፕሮግራም በእጅሽ ከነቀልሽ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው የደወልሽልኝ።"

ፊቷ ጋለ። በዚህ ዕድሜዋ ስትሰርቅ የተያዘች ሕፃን ሆነች። ካወቀ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

"ብነግርሽ ምን ብለሽ ትደውያለሽ?" አለ።

ናፍቀኸኛል ማለት ፈልጋ ነበር፤ ቃሉ ስልክ ላይ ወጥቶ አያውቅምና እንዴት እንደሚጀመር ጠፋት። በዚህ መሀል ጋሼ፣ የረሳው ሁሉ በተረሳበት፣ ይህችን አልረሳትም።

"ሌላ ጉዳይ?"

"የለኝም" አለች ምላሷ፤ የሃምሳ ዓመት ልማድ ነው። ወዲያው ምላሷን ብትቆርጠው በወደደች። ስልኩን እስኪዘጋው ጠበቀች።

"እኔ አለኝ" አለ ጋሼ።

ትንፋሹ ይሰማታል። ከሩቅ ልጁ ዕቃ ስታጥብ ውኃው ይፈሳል።

"ጠፋኝ" አለ። ቆየና ደግሞ፣ "ነበረኝ እኮ። እስካስታውሰው አትዝጊው።"

"አልዘጋም ጋሼ።"

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠችው። የምታርመውን መጽሐፍ ከፈተች፤ አንድ ግድፈት አረመች፤ ቀጥላ ሌላ። ከወዲያ በኩል ወንበሩ አልፎ አልፎ ይንቋቋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆንም አልተዘጋም ነበር። አባታቸው ቢኖሩ መስመር ያዛችሁ ብለው ይቆጡ ነበር።