አጎቴ ቨርሊንና ባለ አንድ ወንበሯ ጄት

ባለ አንድ ወንበር ጄት መማር የሚከብደው አስተማሪው አብሮህ ስለማይቀመጥ ነው። በሌላ አውሮፕላን ላይ ብትሳሳት አጠገብህ ያለው ሰው መሪውን ይቀበልሃል። በእኛዋ ላይ ግን የመጀመሪያው በረራህ ብቻህን የምትበርረው ነው።

ጄቷን ከአጎቴ ከቨርሊን ጋር በእሱ ጎተራ ውስጥ ነው የሠራናት። እኔ ኮሌጅ በሚዘጋበት ጊዜ እየመጣሁ የክንፎቿን ቆርቆሮ ስበሳና ስገጣጥም ከረምኩ፤ እሱ ግን ክረምት ከበጋ ከአጠገቧ አልተለየም። በዊስኮንሲን የእኛ አውሮፕላን ሠሪዎች ክበብ ልማድ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የበለጠ የለፋ ቀድሞ ይበርራል። ስለዚህ ተራው የቨርሊን ነበር። የቀረችው ማርቫ ቶልሰን ብቻ ናት። ማርቫ በእነዚህ ትንንሽ ጄቶች ብዙ ዓመት የበረረች አስተማሪ ስትሆን፣ ቨርሊንም እሷ "ደርሰሃል" ካላለችው ከመሬት እንደማይነሳ ለአክስቴ ለጆሊን ቃል ገብቶላታል። ማርቫ ካልፈቀደች ያ ሁሉ ልፋቱ ጎተራ ውስጥ ቆሞ ሊቀር ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት ሞተር እንኳ ሳይነሳ፣ ጄቷን ባዛወርንበት የበረራ ሜዳው የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት፣ ሃንጋሩ ውስጥ ሆነ። ማርቫ ቨርሊንን ጄቷ ውስጥ አስቀመጠችና ዓይኑን በወጥ ቤት ፎጣ አሰረችው።

"ሞተር ጠፋ!" ብላ ጮኸች።

የቨርሊን እጅ ተወርውሮ ባዶ ቦታ ላይ አየር ጨበጠ።

"ምን ፍለጋ ነው?"

"የካርቡራተር ማሞቂያውን።"

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቨርሊን ዕድሜውን የፈጀው በአንዲት አሮጌ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ላይ ነው። ነዳጅና አየር የሚቀላቀልበት ካርቡራተሯ በረዶ ይዞት ሞተሯ በሳለ ቁጥር እጁ የሚሮጠው ወደዚያ ማሞቂያ ነበር።

"ጄት ካርቡራተር የላትም፣ ቨርሊን።"

"እኔማ አውቃለሁ። እጄ ነው ያላወቀው።"

"ላይ ስትሆን የሚቀድምህ እጅህ ነው። አፍንጫዋን ዝቅ፣ ፍጥነትህን ጠብቅ፣ ማረፊያህን ምረጥ። ሌላው በኋላ።"

ከዚያ በኋላ በቤቱ ሰላም ጠፋ። እራት ላይ አጎቴ ድንቹን ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ አክስቴ "ሞተር ጠፋ!" ትላለች። እሱም ሹካውን እንደ መሪ ወደ ፊት ገፍቶ "አፍንጫ ዝቅ!" ይላል። ድንቹ እስኪቀዘቅዝ በዚህ ይቀጥላሉ። ማርቫ ደግሞ ሞተር በሌለው አውሮፕላን ደጋግሞ እንዲያርፍ ላከችው። ምክንያቷ የጄቷ ጠባይ ነው። "ያቺ አሮጊትህ ነዳጅ ስትሰጣት ወዲያው ትነሳለች" አለችው። "ይቺ ግን አስባበት ነው የምትመልስልህ። ዝቅ ካልክ በኋላ ብትለምናት አትደርስልህም።"

በመጨረሻ ለቅዳሜ ማኮብኮቢያው ላይ በፍጥነት ሊንደረደር ተቀጠረ። ቨርሊን ነገሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገረው። ቅዳሜ ጠዋት ክበቡ በሙሉ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ሜዳው ዳር ተደርድሯል። ሃንጋሩ በር ላይ ፓንኬክ ይጠበሳል።

ማርቫ ከመኪናዋ ስትወርድ "ይሄ ሁሉ ሰው፣ ማን ሞቶ ነው?" አለች።

"ገና ማንም" አለ ቨርሊን እያፈረ።

"እንደዚያው ይቆይልን። ዛሬ መንደርደር ብቻ ነው። ጎማዋ ከመሬት አይለቅም፤ ሰምተሃል?"

ሁለቱን ዙር በደንብ ሄደ። በሦስተኛው ከፊት የመጣ ድንገተኛ ነፋስ ክንፎቿን አነሳቸውና ከጎማዎቿ ሥር ብርሃን አየሁ። ጄቷ መሬት ለቃለች። ወንበር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ "ሂድ! ሂድ!" ይል ጀመር። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ደንግጦ መሪውን ይገፋና አፍንጫዋን መሬት ያስነክሳታል፣ ሌላው "አንዴ ተነስቻለሁ" ብሎ ሳይዘጋጅ ይቀጥላል።

ማርቫ ሬዲዮውን ይዛለች፤ ግን አልተናገረችም።

"ንገሪው እንጂ!" አልኳት።

"አሁን ብናገር ጆሮውን ነው የምወስድበት። ተወው።"

ጄቷ ትንሽ ተንሳፈፈች። ቨርሊን ነዳጁን በቀስታ ቀነሰ፣ አፍንጫዋን ባለችበት ያዘ፤ በራሷ ጊዜ ተመልሳ ተቀመጠች። ፍሬኑ እየጮኸ ከበቆሎው ማሳ በፊት ቆመች።

ሰዉ ቅር አለው። "ቨርሊን! ነዳጅ አለቀብህ እንዴ?" አለ አንዱ። "ለፓንኬክ ብቻ ነው የጠራኸን?" አለ ሌላው።

ቨርሊን ፊቱ ቀልቶ ወደ ማርቫ መጣ። "እኔ አይደለሁም ያነሳኋት።"

"አይቻለሁ።"

"ግን ልዋሽሽ አልችልም፤ መቀጠል አምሮኝ ነበር። ሰዉ ሲጮህ ይታየኝ ነበር።"

"ታዲያ ምን ያዘህ?"

"መንደርደር ብቻ ነው ብለሻል።"

ማርቫ ባርኔጣዋን አስተካከለች። "ሰኞ ጠዋት ትበርራለህ። ለማንም እንዳትናገር።"

"ለጆሊንስ?"

"ለእሷማ ንገራት። ሳትሰማ ብትበርር የምትገድለው እኔን ነው።"

ሰኞ ነፋስ አልነበረም። ሜዳው ላይ የነበርነው አክስቴ፣ ማርቫና እኔ ብቻ ነን። ጄቷ እንደ ተርብ እየጮኸች ተነሳች፤ ሞተሯ ቢጠፋ እንኳ ተንሳፍፋ ልትመለስ በምትችልበት ከፍታ ከበላያችን ትዞር ጀመር።

"ማርቫ" አለ ሬዲዮው።

"አቤት።"

"እየሳቅኩ ነው።"

"ሳቁን ለመሬት አቆየው። ፍጥነትህን ተመልከት።"

ሲመለስ ነዳጅ እየሰጠ አልለመናትም፤ ከፍ ብሎ መጥቶ በልኩ ወረደ። አንዴ ነጠረችና ተቀመጠች። አክስቴ እጄን እንዴት ጨምቃው እንደነበር ያወቅሁት ስትለቀኝ ነው።

አጎቴ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን ሳሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና እግሩን ጤዛው ላይ ዘረጋ።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"ፈጣን" አለ።

ዞሮ ጄቷን አያትና "በጣም ፈጣን" ብሎ ጨመረ።