ዕቁብ ዕዳ ነው እንዴ?

ብዙነሽ የአየር ማረፊያውን የመግቢያ ባጅ ከጠየቀች አርባ ቀን አለፋት። ትሠራበት የነበረው የሰበታ የአበባ እርሻ በግርግሩ ሰሞን ተዘግቶ ሠራተኞቹ ከተበተኑ ወዲህ የቀራት ተስፋ አየር ማረፊያው ውስጥ ጽዳት መቀጠር ነው። ባጁ ደግሞ የደህንነት ማጣሪያ ላለፈ ሰው ብቻ ይሰጣል።

እንቅልፍ የነሳት ቅጹ ላይ ያለው «ታስረው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የቡራዩ ጎረቤት ሁሉ «የለም በዪ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ግትር ናት፤ «በኅዳር፣ በማስተር ፕላኑ ረብሻ፣ ከገበያ ስመለስ አፍሰውኝ ሦስት ቀን» ብላ አስጻፈች። ከዚያ ወዲህ መኪና በር ላይ በቆመ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስላታል።

ከማጣሪያ ቢሮው ተጠራች። ፋይሉን የያዘው አደም የሚባል ወጣት ሠራተኛ ነው።

«እትዬ ብዙነሽ፣ አላለፉም።»

«አውቄዋለሁ! ያችን ሦስት ቀን ብዬ…»

«እሷንማ እውነቱን ስለተናገሩ ተዉልዎት። ግን ቅጹ ላይ ዕዳ የለብኝም ብለዋል። ሰፈር ቢጠየቅ አራት ሺህ ብር የዕቁብ አለባቸው ተባለ።»

ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ ዕቁብ ዕዳ ነው እንዴ? መጀመሪያ ዕጣ ወጣልኝ፣ ቤቴን ቆርቆሮ አለበስኩበት፤ ይኸው ልብስ እያጠብኩም ቢሆን በየእሁዱ እጥላለሁ። አራጣ የተበደርኩ አስመሰልከኝ!»

«ወስደዋል፣ ገና ይከፍላሉ፤ እዚህ ዕዳ ነው። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ለጉቦ ይመቻል ብለው ነው የሚጠይቁት። ቢናገሩት ግን ባልከፋ። የጣለዎት መደበቁ ነው።»

ሳቋ ጠፋ። አደም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዕቁብ መሆኑን ያስረዱ፤ እንደ ስህተት ይያዝልዎታል። የአባላቱን ስም ዝርዝር ከነፊርማቸው እስከ ዓርብ ያምጡ።»

የዕቁቡ ዳኛ ኦቦ ቀጄላ ደጃፋቸው ላይ ባሕር ዛፍ ሲፈልጡ አገኘቻቸው።

«አከም፣ ብዙነሽ! ባጁ ወጣ?»

ነገረቻቸው። ገብተው ደብተሩን አመጡ። ሠላሳ ሰው፣ እሁድ እሁድ የሚሰበሰብ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ለደህንነት ሊሰጥ። ከአባላቱ የሁለቱ ልጆች በኅዳር ታፍሰው ተወስደዋል፤ አንደኛው፣ ነገሳ፣ እስካሁን አልተመለሰም።

«አስገልብጪና ውሰጂ። እንጀራሽ ነው» አሏት።

«ታዲያ ደብተሩን ለምን አይለቁልኝም?»

«ጣቴ ደርቆ ነው፤ መጥረቢያ ይዤ አይደል የዋልኩት?»

ብዙነሽ ደብተሩን ሳትገልጥ መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችው።

ዓርብ ባዶ እጇን ሄደች። «ጻፍ፤ ዕዳ አለብኝ፣ አራት ሺህ። ስቼ ነው እንጂ አልዋሸሁም።»

«ዝርዝሩስ?»

«ዕዳው የኔ ነው። የሰው ስም ምን ያደርግልሃል?»

«እትዬ፣ አለዚያ እንደዋሹ ሆኖ ይመዘገባል። ሌላም ቦታ ይከተልዎታል።»

«ይመዝገብ» አለችና ወጣች።

ሆለታ የአበባ እርሻዎች ሰው ይቀጥራሉ ሲባል ሰምታለች። ታክሲ ተራው ጋ ደርሳ የሚኒባሱን ረዳት «መንገዱ ክፍት ነው?» አለችው።

«እስካሁን አልተዘጋም።»

ገብታ ተቀመጠች።