የአማቱ ግዝት

ጥላዬ ክላርኔት ይነፋ ነበር ቢባል ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ማን ያምናል? እህል ነጋዴው ጥላዬ፣ ያ ለሰላምታ እንኳ አፉን ለመክፈት የሚሰስተው! ግን ነፍቷል፤ ያውም አሳምሮ። በወጣትነቱ የሠራዊቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ክላርኔቱን በፎጣ ጠቅልሎ አገሩ ገባና በየሠርጉ መንፋት ያዘ። አዛለችንም ያያት አንዱ ሠርግ ላይ ነው።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። መምሬ አለምነው ልጃቸውን ለአዝማሪ ሊድሩ? በስመ አብ! «እህል ነግደህ የምትኖር ከሆነ ውሰዳት» አሉት፣ መስቀላቸውን ይዘው። «ያንን ነገር ዳግመኛ አፍህ ላይ ብታደርግ ግን ገዝቼሃለሁ።»

የቄስ ግዝት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ጥላዬ አዛለችን ወዷታልና ክላርኔቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። አማቱን ግን ቂም ያዘባቸው። ሲሞቱም ለይሉኝታ ቀበራቸው እንጂ ተዝካራቸው ላይ እህል አልቀመሰም።

በቀደም ልጁ ሕይወት ከቤሩት ተመልሳ፣ ለሠርጓ ቤት ስታጸዳ ሣጥኑን ከፈተችው።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ተው እንጂ!» እየዘለለች ሳመችው። «እንግዲያው ሌላ ስጦታ አልፈልግም። ለሠርጌ አንተ ትነፋልኛለህ።»

አዛለች ጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ሰምታለች። ወጥታ ግን ትንፍሽ አላለችም።

በነጋታው ጥላዬ ግዝቱን ሊያስፈታ ጋፋት፣ የነፍስ አባቱ መምሬ ውባንተ ዘንድ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ጣቶቹ ዱላው ላይ ይጫወቱ ነበር። ምን ያርግ፣ ናፍቆታል!

መምሬ ውባንተ ነገሩን ሰምተው ግራ ተጋቡ። «የምን ግዝት? መምሬ አለምነው እኮ ሊያርፉ ሲሉ ፈትተውሃል። አጠገባቸው ነበርኩ። ያሰርኩትን ሰው ሳልፈታ ነፍሴ አትወጣም አሉ። አንተ እብናት ገበያ ሄደህ ስለነበር ንገሪው ብለው ለአዛለች አደራ ሰጧት። አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች አባቴ፣ እኔው ረስቼው ነው» አለ ጥላዬ። የቤቱን ገመና ሜዳ ላይ አያሰጣም። መስቀል ተሳልሞ ወጣ። አማቱ ሲሞቱ ሕይወት ጡት አልጣለችም ነበር፤ ዛሬ ሊድራት ነው።

ቤቱ ሲደርስ ክላርኔቱን ገጣጠመ፣ መንፊያው ላይ የምትታሰረዋን ቀጭን ሸምበቆ በምራቁ አርሶ፣ ደጅ ቆሞ ነፋ። የወጣው ባዶ ትንፋሽ ብቻ። ክላርኔት የሚነፋ ሰው መንፊያውን በላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ደግፎ ነው የሚይዘው፤ የጥላዬ አንዱ ካቻምና፣ ሌላው አምና ወልቀዋል። ከንፈሩን አጥፎ ሞከረ። እንደ ጥጃ እምቧ ያለ ነገር ወጣና ተቋረጠ።

«በርታ አባዬ፣ ይመጣልሃል» አለች ሕይወት ከበሩ ላይ።

አይመጣም። እሱ ያውቀዋል።

አዛለች እዚያው ደጁ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅማለች። ዞረባት። «አባትሽ ሊሞቱ ሲሉ ምን ብለውሽ ነበር?»

እጇ ቀጥ አለ። «ፈትቼዋለሁ በይው አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ያ የባንድ ጓደኛህ ፈንታሁን፣ ባሕር ዳር ና፣ ሆቴል እንጫወት እያለ ሰው ይልክብህ ነበር! ልጅ ታቅፌ ልቅር? ትሄድ ነበር ጥላዬ። አልሄድም ነበር በለኝ እስቲ!»

በእርግጥም ይሄድ ነበር።

«እሺ፣ ያኔስ ፈራሽ» አለ ጥላዬ። «ፈንታሁን ከሞተ በኋላስ? ጥርሴ ሳይረግፍስ?»

«እየቆየ ሲሄድ እንዴት ብዬ ልጀምረው?» አለችና እንባዋ መጣ።

«እኔ እኮ አባትሽን ነበር የምረግመው። በመቃብራቸው በኩል ሳልፍ ፊቴን የማዞረው እኔ ነኝ!»

ክላርኔቱን ነቃቅሎ በዚያው በአሮጌው ፎጣ ጠቀለለው። ሕይወት ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ አልፏት ሄዶ አዛለች ጉልበት ላይ፣ ስንዴው ካለበት ሰፌድ ላይ አስቀመጠው።

«እንቺ፣ አስቀምጪልኝ» አላት። «ደብቆ ማቆየት ታውቂበታለሽ።»