ካርታው ላይ የሌለ ቤት

ዝናቡ መስከረም ላይ አልቆመም። ጤፉ ተኛ። ውሃ በየጎድጓዳው አቆረ። ከዓባይ በረሃ የማይወጣው ወባ ዘንድሮ ሽቅብ ወጣ። ከተረተሩ በታች ካሉት ስድስት ቤቶች በጥቅምት ሁለት ሰው ሞተ። ሁለተኛዋ ሟች የአስማማው ሚስት ዘሪቱ ናት።

በተቀበረች ማግስት አስማማው ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል። ለቀስተኛው እየገባ እግዜር ያጥናህ ይለዋል፤ ንፍሮ ይዘግናል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ወባ መድኃኒት ረጪዎቹ ያወራል። ነገ ይመጣሉ አሉ። በነሐሴ ላይኛውን መንደር ቤት ለቤት ረጭተው ከተረተሩ ለምን እንደተመለሱ የገባው የለም።

«ትንኟም ቆላው ሰልችቷት ይሆናል» አለ አንዱ።

አስማማው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ሰኔ ላይ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ እስከዳር ስልክ ይዛ መጥታ ነበር። በየደጁ ቆማ ስልኩን ስትነካ ቤቱ ካርታ ላይ ነጥብ ይሆናል። ካርታው ወባ የሚያሰጋውን ቦታ በቀይ ያሳያል፤ ረጪዎቹ ነጥቡን ተከትለው ይሄዳሉ። ይህን አስረድታዋለች። ለአስማማው የታየው ግን መሬቱ ነው። ስድስቱም ቤት የተሠራው በወል ግጦሽ ላይ ነው። ዛሬ ነጥብ ያሉት ነገ የመለኪያ ገመድ ይዘው ሊያስነሱን ይመጣሉ ብሎ ፈራ። ተረተሩ ላይ አስቁሟት፣ ከዚህ በታች በረት እንጂ ሰው የለም አላት። ለአገሩ አዲስ ነበረች፤ ሽማግሌ አምና ተመለሰች።

ለዘሪቱ ሲነግራት የምትፈትለውን አስቀመጠች።

«እኛ እያለን የለም ይባላል?»

ከዚያ እንዝርቷን መልሳ አነሳች። አንድ ጊዜ ተናግራ ዝም የምትል ሴት ነበረች።

ቀትር ላይ የታች ጎረቤቱ ቢተው ዳሱ ውስጥ ገባ። ልጁ መሲ ከትናንት ጀምሮ ስትንዘፈዘፍ ቆይታ አሁን ሰው መለየት አቅቷታል። ቃሬዛ የሚይዝለት ፈለገ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት በረሃ ወርደው ሲያርሱ አስማማውን ወባ ጥሎት ነበር። ያኔ ይህን አቀበት አዝሎ ያወጣው ቢተው ነው። አንድም ቀን ውለታውን አንስቶበት አያውቅም።

ተነሳ። ሐዘንተኛ ሰልስት ሳይወጣ ከዳስ አይወጣም፣ ነውር ነው ብለው ጋቢውን ያዙት። ጋቢውን ትቶላቸው ወጣ።

ደጅ ላይ የሰኔውን ሁሉ ለቢተው ነገረው።

ቢተው ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ልጅቷን ቃሬዛው ላይ አስተኛ። ከዚያ «በፊት በኩል ያዝ» አለው።

አቀበቱ ላይ ሰዎች ሊቀበሉት መጡ፤ አስማማው አልሰጠም። ከኋላው የልጅቷ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማዋል። ድምፁ ሲቋረጥ ይቆማል፤ ሲመለስ ይራመዳል።

ተረተሩ ላይ፣ ታች ለቅሶ አለ ቢሏት ግራ ገብቷት የምትወርደውን እስከዳርን አገኟት። ከመሲ ጣት ደም ወስዳ አየች። ወባ ነው፣ ወደ አስፋልቱ ፍጠኑ ብላ መኪና ጠራች።

አስማማው እጇ ላይ ወዳለው ስልክ ጠቆመ። «ከዚህ በታች ስድስት ቤት አለ፣ ልጄ። ዋሽቼሻለሁ።»

ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን ከፍታ «የእርስዎ የቱ ነው?» አለችው።

«ዳስ የተጣለበት።»

«ስንት ሰው ይኖርበታል?»

ወደ ታች አየ። «አንድ።»

ነገ ረጪዎቹ ነጥቡን እንዲያገኙ በየደጁ ልትቆም ቁልቁል ወረደች።

ቢተው አሁን እኔ ፊት ልሁን አለ። አስማማው ጎንበስ ብሎ የቃሬዛውን ፊት አነሳ። አስፋልቱ እስኪደርሱ አላወረደም። መሲን መኪናው ላይ ሲያስተኟት ዓይኗን ገልጣ ውሃ አለች።

«የበረሃውን ውለታ መለስክ» አለ ቢተው።

የራሱን ጋቢ አውልቆ አስማማው ትከሻ ላይ ጣለለትና ልጁ አጠገብ ተቀመጠ።