ከጎመኑ ማሳ የሚመጣው ፉጨት

መንግሥት መርዝ ለማይረጭ ገበሬ ድጎማ እሰጣለሁ ሲል መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው። ሰፈርተኛው ወዲያው «ባለ ትሉ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ተለጠፈበት። ጥቅል ጎመኖቹ ወንፊት መስለው ስለነበር ማንም አጋነነ አይባልም።

ውሉ አጭር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ኬሚካል ማሳው ላይ ካላረፈች ድጎማው ይቀጥላል። ካረፈች ግን የተከፈለው ሁሉ ይመለሳል። የተከፈለው ደግሞ በሟች ወንድሙ ሚስት ቤት ላይ ቆርቆሮ ሆኖ ተመቷል።

በሁለተኛው ዓመት ፉጨቱ ጀመረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጎመኑ መሃል ይመጣል፤ ሦስት አጫጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ጫፉ ላይ እንደ ጥያቄ ቀና የሚል። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና። ባለ ትሉ መጀመሪያ የሰማው ቀን የያዘው ባልዲ ከእጁ ወደቀ። የታናሽ ወንድሙ ፉጨት ነው።

ወንድሙ መርጫውን አዝሎ፣ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን፣ እያፏጨ ሲረጭ ኖሮ ሳንባው አልቆ ሞተ። አንድ ጊዜ የአፍ መሸፈኛ ግዛልኝ ብሎት ነበር። ባለ ትሉም «አፍህን ሸፍነህ በምን ልታፏጭ ነው?» አለው። ቀልዱ ጥሩ ነበር። ሁለቱም ከልባቸው ስቀዋል።

አሁን አመሻሹ ላይ መስኮቱን ይዘጋል፤ ሬዲዮኑን ያስጮኻል። ለማንም አልተናገረም። ባለ ትሉ መባሉ ሳያንስ ባለ ሙቱ መባል አማረው እንዴ?

ከድጎማ መሥሪያ ቤቱ የሚመጣው ባለሙያ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ማሳው ላይ ተንበርክኮ ዋለ። ድንገት ብድግ አለ።

«እንኳን ደስ አለዎት!»

«ምን ተገኘ?»

«ትል! ብዙ ትል!»

«እኔ ደግሞ ወንድ ልጅ የወለድኩ መስሎኝ።» ባለ ትሉ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝማ ልጄ… መሬቱ እንዲህ መርዝ ካልነካው፣ የድሮ ነገር ይመለሳል?»

«ሁሉም ይመለሳል!» አለ ባለሙያው ፊቱ በርቶ። «ቀስ እያለ ነው እንጂ፣ የሄደው ሁሉ ይመጣል።»

ባለ ትሉ ፀጉሩ ቆመ።

ባለሙያው እንደሄደ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ከከረጢቶቹ ጀርባ፣ ውሉን ሲፈርም ለክፉ ቀን ብሎ የደበቃት አንዲት ጣሳ መርዝ ነበረች። ድጎማው ሊቀር ነው፣ ቆርቆሮው ሊነቀል ነው፤ ያውቃል። ግን ሌላ አንድ ምሽት ያንን ፉጨት መታገሥ አልቻለም። ደግሞስ፣ ትል የሚገድል ነገር ሙት እንደማያባርር ማን ሞክሮ አየው? በጠበጠ፤ መርጫውን አዘለ። ማንገቻው እስካሁን በወንድሙ ትከሻ ልክ እንደተቋጠረ ስለነበር ደረቱን ጭምቅ አደረገው።

ማሳው ዳር የወንድሙ ሚስት ቆማለች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ያዘልከው?»

«ውሃ ነው።»

«ውሃ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ ይሸታል? እኔ እኮ ከዚህ ሽታ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የኖርኩት።»

ሳይመልስላት ፉጨቱ መጣ። ባለ ትሉ ባለበት ደረቀ።

«ትሰሚያለሽ?»

«በየማታው መጥቼ እሰማዋለሁ።»

«እኔን ፈልጎ ነው የመጣው።»

ትክ ብላ አየችውና አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «እንዴ፣ ጋሼ! ወፍ ናት እኮ!»

በጣቷ አሳየችው። ቡኒ ወፍ ናት፤ ጭብጥ የማትሞላ። ከጎመን ጎመን እየዘለለች የመንግሥትን ትል ትለቅማለች።

ባለ ትሉ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ወፍ! ራሱን ሊሰድብ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። «ታዲያ የሱን ፉጨት ከየት አመጣችው?»

«እሷ አይደለችም ከሱ የወሰደችው፤ እሱ ነው ከሷ የወሰደው። ልጅ እያለ፣ መርጨት ሳትጀምሩ። ሲጠራት ትመልስለት ነበር አሉ። መርጨት ስትጀምሩ መልሷ ጠፋ። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ጠራት። አንተ ሥራው ደስ ብሎት የሚያፏጭ ይመስልህ ነበር።»

ወፏ አፏጨች፤ ከዚያ ዝም አለች። ዝምታው ልክ አንድ ሰው መልስ የሚሰጥበትን ያህል ነበር። ባለ ትሉ ያን ሁሉ ምሽት ያንቀጠቀጠው ፉጨቱ ሳይሆን ይሄ ዝምታ እንደሆነ አሁን ገባው። ሙት ቢሆን ማረኝ ይባላል። ይቺን ምን ይላታል?

«ከረጨህ ጣሪያዬን ይነቅሉታል» አለች የወንድሙ ሚስት። «ይንቀሉት፤ ዝናብ አይገድለኝም። እሷን ግን ሁለተኛ አታጥፋብኝ።»

ማንገቻውን ሊፈታ ታገለ፤ እምቢ አለው። ቋጠሮውን እሷ ታውቀዋለች፤ ፈታችለት። መርዙን የት እንደሚደፉት ግን ሁለቱም አላወቁም። መርጫውን እንደሞላ መሃላቸው አስቀምጠውት ቆሙ።

ወፏ እንደገና ጠራች።

ባለ ትሉ በዕድሜው አፏጭቶ አያውቅም። ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ አየር ብቻ ወጣ። በምላሱ አርሶ ደግሞ ሞከረ። ወፏ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታዳምጣለች።