አራሚው የጨመረው ዓረፍተ ነገር

ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ አራሚው ሥራውን አጣ እንጂ ስሙን አላጣም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጽሑፍ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሲለቅም የኖረ ነውና፣ ሠፈሩ ዛሬም «አራሚው» ይለዋል፤ የገዛ ሚስቱ እንኳ ስትቆጣ በዚሁ ነው የምትጠራው። አሁን ግን የሚያርመው የለውም። ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ድረ ገጽ የሚሠራበት ነጻ ሶፍትዌርና እስከ ወሩ መጨረሻ የተቆረጠ ቀን ብቻ ነው።

ቀኑን የቆረጠችው ሚስቱ ናት። ነርስ ናት፤ ነገር ማንዛዛት አትወድም። «በኢንተርኔት ገንዘብ ይገኛል ካልክ እሰየው፣ አግኝ» አለችው። «እስከ ወሩ መጨረሻ አራት ደንበኛ ካልያዝክ ግን አጎቴ መጋዘን ትገባለህ።» የአጎትየው መጋዘን የስምንት ሰዓት መንገድ ይርቃል። እዚያ መግባት ማለት በባዕድ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን በወር አንዴ ማየት ነው።

መንገዱን ለመማር ብሎ ቪዲዮ ማየት ጀመረ። በቪዲዮው የሚያስተምረው ያው ሁሉም ጎረምሳ ነው፤ ሁሉም «ተኝታችሁ ገንዘብ ይገባላችኋል» ይላል፤ እንዴት እንደሚገባ ግን አንዱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አይናገርም። ሚስቱ አንድ ቀን ከኋላው ቆማ አየችና፣ «መተኛቱንስ ትችልበታለህ፤ ገንዘቡ የታለ?» ብላው ወደ ሥራዋ ሄደች።

የሱ ጣጣ ሌላ ነው። ሶፍትዌሩን በየአገሩ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይሠሩታል፤ የፈለገ ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ውስጡን ፈትቶ ቢቀይረውም የሚቆጣው የለም፣ ዋጋ የሚጠይቅም የለም። አራሚው ራሱ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዱን እየሠዋ የሶፍትዌሩን ቁልፎችና ማሳሰቢያዎች አንድ በአንድ ወደ ቋንቋችን መልሷል። ለጽድቅ ይሁን ለፍቅር ወይስ ለአመል፣ ቢጠየቅ እሱም አያውቀውም። እና ድረ ገጽ የሚያሠራ ደንበኛ ፍለጋ በሄደበት ሁሉ ይህንኑ እውነት ቀድሞ ያወራል። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ሰምቶ ሰምቶ፣

«ታዲያ ነጻ ከሆነ የምከፍልህ ለምኑ ነው?» አለው።

«ለድካሜ።»

«ሥራው ከባድ ነው?»

«ኧረ ቀላል ነው፤ ማንም ይችለዋል።»

መድኃኒተኛው ሳቀ፣ አራሚውም አብሮ ሳቀ። መንገድ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። እኔ የምሸጠው ምንድን ነው? ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ጥያቄው እስከ ቤቱ ተከተለው እንጂ መልሱ አልመጣም።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ። የሙሽራ ልብስ የሚሰፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት ናቸው። ባለፈው ወር አነጋግሯቸው «ላስብበት» ብለውት ነበር። አሁን ገና በሩ ላይ ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ና ልጄ፣ ና! የነገርከኝን ሠራሁት እኮ!»

«ምኑን እትዬ?»

«ድረ ገጹን ነዋ! ማንም ይችለዋል አላልከኝም?»

በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ቁራጮች መካከል፣ ላፕቶፑ ተከፍቷል። አራሚው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀሚሶቹ በየዓይነታቸው ተደርድረዋል፤ መለኪያው፣ አድራሻው፣ ማዘዣው ሁሉ በየቦታው ነው። ከሱ ሥራ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«ምን አስቸገረኝ መሰለህ? ምንም» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ሁሉ ነገር በቋንቋችን ነው። ‹እዚህ ጋ ፎቶ ያስገቡ›፣ ‹አሁን ያስቀምጡ› እያለ፣ ልክ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ የሚመራኝ ነው የሚመስለው። ማን እንደጻፈው እንጃ፣ ብቻ እጁ ይባረክ!»

አራሚው ደስ ሊለው ሲል ነገሩ ገባው። ስድስት ዓመት የለፋው እኮ እንዲህ ያለ ሰው እንዲገባው ብሎ ነው፤ ይኸው ገባቸው፤ ስለገባቸውም አላስፈለጋቸውም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይሄ ነው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ሊል ፈለገና ተወው። ሥራ ሊለምን የመጣ ሰው ምርቃት መጠየቁ ደግ አልመሰለውም።

«ታዲያ መቼ ለሕዝብ አወጡት?» አለ።

«እሱ ነው እንጂ ችግሩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እምቢ አለኝ። ሁለት ሳምንቴ።»

ገጹን ለሕዝብ የሚያወጣውን ቁልፍ ሲጫኑ አንድ ሳጥን ብቅ አለ፦ «ይህን ገጽ ካወጡት በኋላ ዓለም ሁሉ ያየዋል። በሚገባ አስበውበታል? እርግጠኛ ነዎት?» ከሥሩ «አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ» እና «አይ፣ ልመለስ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። ልብስ ሰፊዋ በቀጥታ «አይ» የሚለውን ተጫኑ።

«ለምን አይ ይላሉ?»

«አይደለሁማ!» አሉ፣ በመጠየቁ ተገርመው። «አፌን ሞልቼ እርግጠኛ ነኝ የምለው ነገር ምን አለኝ? እጅጌው ጠቦ ይሆናል፣ ዋጋው ተሳስቶ ይሆናል። በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ ይጠይቀኛል፣ እውነቱን እነግረዋለሁ። እኔ ብቻም አይደለሁ፤ ፎቶ አንሺውም፣ መነጽር ሻጩም፣ አበባ ሻጯም ካንተ የሰማሁትን ነግሬያቸው ሠርተው እዚሁ ላይ ቆመዋል። የዓለም ሁሉ ዓይን ሲባል ማን ይደፍራል? እንደው ሙያው ካለህ፣ ከፍለንህም ቢሆን፣ መጥተህ ‹አዎ› በልልን።»

አራሚው ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ያችን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል። በመጀመሪያው ቋንቋ የነበረችው «ይውጣ?» የምትል አንዲት ቃል ናት። በማተሚያ ቤት የታተመ አይመለስምና፣ ሲተረጉም እሱ ከዚያ ፍርሃቱ ቀንሶ ለማያውቀው ሕዝብ ጨመረበት። የሱ ስሕተት ነው። እና ያው ስሕተት አሁን አራት ደንበኛ፣ ቁጥሩ ሳይዛነፍ አራት፣ አምጥቶለታል።

«ሰኞ መጥቼ የሁላችሁንም እጨርሳለሁ» አለና ወጣ፤ እግሩ የትኛውን መንገድ እንደያዘ አላስተዋለም።

ለሚስቱ ሲነግራት መጀመሪያ አላመነችም፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ከዚያ አቀፈችው። ለረጅም ጊዜ እንዲያ አላቀፈችውም ነበር። እሱ ግን ክንዷ ውስጥ ሆኖ እንኳ፣

«ዓረፍተ ነገሯን ግን ማረም አለብኝ» አለ።

ክንዷ ላላ። «የቷን?»

«የምታስፈራዋን። አራት ሰው እዚህ ከቆመ ሌላ ቦታ ስንት ቆሟል?»

«ስማ፣ አንተ ሰውዬ» አለች ዓይን ዓይኑን እያየች። «ካረምካት ማንም አይጠራህም። ተዋት። አልሰረቅክ፣ አልዋሸህ። ዝም ብለህ ተዋት፣ ልጆችህ አጠገብ ኑር።»

ነገሩ ዞረበት። ሁለት ቀን ውሉ ጠፍቶት ከረመ። እሷ ልክ ናት፤ ነገር ግን ስሕተት መሆኑን አውቆ ማለፍ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሠራው ነገር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ሁለቱንም ሆኖ ተገኘ። ዓርብ ጠዋት ሚስቱ ሥራ ከሄደች በኋላ ላፕቶፑን ከፈተና እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ገጹ ይውጣ? ስሕተት ቢያገኙ በፈለጉት ጊዜ ያስተካክሉታል።» ከሥሩ «ይውጣ» እና «ትንሽ ይቆይ»። ሶፍትዌሩን ለሚጠቀሙ ሁሉ እንዲደርስ ላከው። ደስ ይበለው ይዘን ግን አላወቀም፤ ተነሥቶ ሰሃን አጠበ።

ሰኞ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሲደርስ ሱቁ በሳቅ ተሞልቶ ጠበቀው። ገጹ ወጥቷል። የፎቶ አንሺውም፣ የመነጽር ሻጩም፣ የአበባ ሻጯም ወጥቷል።

«ቀየሩት እኮ ልጄ! ‹በፈለጉት ጊዜ ያስተካክሉታል› አለኝ። እንዲያ ካለኝማ ምን ገዶኝ! በከንቱ አደከምንህ።»

«እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለ አራሚው። ሳያስበው ነው ያመለጠው። «የመጀመሪያዋንም የጻፍኳት እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አዩት። ምስጋና የሚጠብቀው መስሎት አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን አስፈራራኸኝ?» አሉት።

ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ማታ ሚስቱ ገብታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገራት። አልጮኸችም። ሰማችው፣ እጇን ታጠበች፣ መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣ አወረደችና ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረች። በሩ ላይ ቆሞ አያት። ሸሚዞቹን እንደ ወትሮው ሁለት ላይ አጥፋ አልወረወረችም፤ አንገትጌያቸውን አቅንታ፣ እጅጌያቸውን በመዳፏ ዳብሳ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ቀስ አድርጋ ትደረድራለች።

«ተናደድሽ?» አላት።

«በጣም።»

«ታዲያ እንዲህ በቀስታ…» አለና በዓይኑ ሻንጣውን አመለከተ።

«ብትተዋት ኖሮ እዚሁ ትቀርልኝ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «እኔም እንደ ድሮው አላይህም ነበር። ሁለቱንም አውቃለሁ። የቱ ይሻለኝ እንደነበር ግን አትጠይቀኝ፣ አላውቀውም።»

እሱም አላወቀውም። አጠገቧ ተቀመጠና ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያቀብላት ጀመር።